አያ ቢምረው ያላስተማሩኝ ማዞሪያ

አያ ቢምረው መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው። አንድ የቁይ ከተማ ሰው ወደምሠራበት መዝገብ ቤት መጥቶ የጠፋ ፋይሉን እየፈለግሁለት ሳለ፣ ዝም ብሎ ከመቆም ብሎ ነው መሰለኝ፣ «ያ ሬዲዮ ሠሪው ሽማግሌ እኮ አረፉ» አለኝ።

«የትኛው ሽማግሌ?» አልኩት፤ ቁይ ውስጥ ሌላ ሬዲዮ የሚሠራ ሽማግሌ ያለ ይመስል።

«ከማርቆስ የመጡት ናቸዋ። በሞንታርቦ መርዶ ያረዱት።»

ሰውየው ፋይሉን ሳላገኝለት ሄደ። እኔም ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አንዲት ደብዳቤ አልመዘገብኩም። መሞታቸው አሳዝኖኛል፤ ከሞታቸው ይልቅ ያንገበገበኝ ግን በዚያ ቅጽል ስም መቀበራቸው ነው። ያ ስም የኔ ነበር። እንዴት የኔ እንደሆነ ለመናገር መጀመሪያ እሳቸው ማን እንደነበሩ መናገር አለብኝ።

አያ ቢምረው ደብረ ማርቆስ ላይ ሞንታርቦ የሚያከራዩ፣ የተበላሸውንም የሚጠግኑ ሰው ነበሩ። ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለጉባኤ፣ ለቀበሌ ስብሰባ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ረጅምና ከሲታ ነበሩ። ሰው ሲያናግራቸው ፊቱን አያዩም፤ ቀኝ ጆሯቸውን ሰጥተው መሬት መሬት ያያሉ። ከካኪ ኮታቸው የደረት ኪስ አንዲት ትንሽ ካቻቢቴ አትጠፋም። እኛ አገር «አያ» የተባለ ሰው ብዙውን ጊዜ «አንተ» ይባላል፤ እሳቸውን ግን ከቄስና ከሚስት በቀር አንተ ያላቸው ሰው አላየሁም። ምላሳቸው ተፈርቶ ይሁን ሰውነታቸው ተከብሮ አላውቅም፤ ሁለቱም ይመስለኛል።

ጩኸት አይወዱም ነበር። ሞንታርቦ የሚያከራይ ሰው ጩኸት አይወድም ቢባል ማን ያምናል? እሳቸው ግን «የተቀጠርኩት ሰው እንዲሰማ ነው፤ እንዲደነቁር ከሆነ በዱላ ይቀላል» ይሉ ነበር። ሠርግ ላይ የሙሽራው አጎት ሞቅ ብሎት ይመጣና «ጨምሩት እንጂ! ለለቅሶ ነው እንዴ የመጣችሁት?» ይላል። አይከራከሩትም። ከድምፅ ማስተካከያው፣ ከሚክሰሩ፣ ዳር ምንም ገመድ ያልተሰካባትን አንዲት ማዞሪያ በቀስታ ያዞሩና ጆሯቸውን ይሰጡታል። አጎትየው «ኧ! እንዲህ ነው እንጂ!» ብሎ ትከሻውን እየነቀነቀ ወደ ጭፈራው ይመለሳል። ያችን ማዞሪያ «የአጎት» ብለው ነበር የሚጠሯት። በኋላ እኔም ስንቱን አጎት ሸኝቼባታለሁ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ዝግጅቱ ከመጀመሩ በፊት በሕዝቡ መሀል እያለፉ እስከ መጨረሻው ዳር ይሄዱና፣ አጥር ሥር የተቀመጠች አንዲት አሮጊት ፈልገው «እማማ፣ ይሰማል?» ይላሉ። ይሰማል እስክትል ድረስ እየተመላለሱ ያስተካክላሉ። የክብር እንግዶቹ ከፊት ሆነው ምን እንደሚሰማቸው ጠይቀው አያውቁም። «ከፊት ያለው ባይሰማ ተነሥቶ ይቆጣል፤ እሷ ግን አልሰማሁም ብላ አትናገርም፤ ዝም ብላ ነው የምትሄድ» አሉኝ አንድ ቀን።

እኔ የተዋወቅኋቸው አጥቢያችን ትንሽ ሚክሰር በገዛበት ዓመት ነው። ሰንበት ትምህርት ቤቱ ማሽኑን ገዛና የሚነካው ሰው ጠፋ። ወንዶቹ ሁሉ እናውቃለን እያሉ አንድ አንድ ጊዜ ሞክረው፣ ማይኩን ሲጢጥ እያስባሉ ቄሶቹን አስደንግጠው ተዉት። በመጨረሻ «ባንቺአምላክ መዝገብ ቤት ነው የምትሠራ፤ ነገር አታምታታም» ተባለና ለእኔ ተሰጠ። ማሽኑን በነጠላ ጠቅልዬ አያ ቢምረው ሱቅ ሄድኩ።

«ምን ልትማሪ ነው?» አሉኝ፤ መሬት እያዩ።

«ሚክሰር።»

«መጀመሪያ ተቀመጭና ስሚ።»

በሩ ላይ በርጩማ ሰጡኝ። ጧቱን ሙሉ ተቀመጥኩ። ባጃጁ ያልፋል፣ ወፍጮው ያንጓጓል፣ ሰው ይጨቃጨቃል። ስድስት ሰዓት ሲሆን መጥተው ከአጠገቤ ቆሙ።

«ስንት ድምፅ ሰማሽ?»

«ብዙ።»

«ብዙ ቁጥር ነው?»

ከሰዓትም እዚያው በርጩማ ላይ ዋልኩ።

በማግስቱ ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ አደረጉት፤ ግን ኤሌክትሪክ ላይ አልሰኩትም። ዳር ያለውን ትልቁን ትቼ ማዞሪያዎቹን እንድቆጥር አዘዙኝ። ሠላሳ ስድስት ሆኑ።

«አየሽ፣ ሰው የሚፈራው ለዚህ ነው። ስድስት ናቸው። ስድስቱ ስድስት ጊዜ ተደጋግመው ነው እንዲህ የበዙት።»

ዓምዱን በካቻቢቴዋ ጫፍ ከላይ ወደ ታች አነበቡልኝ። አንዱ ዓምድ አንድ ማይክ ነው፤ አንድ ሰው። ከላይ ያለችው ጌይን የተናጋሪው ናት፤ ድምፁ ምን ያህል ወደ ማሽኑ እንደሚገባ የምትወስን። ከታች ያለችው የሕዝቡ ናት፤ ከገባው ውስጥ ምን ያህሉ ወደ ሞንታርቦው እንደሚወጣ የምትወስን። «ሁለቱን ያምታታ ሰው ዕድሜ ልኩን ማይክ ሲያስጮህ ይኖራል። ተናጋሪው ድምፁ ደካማ ከሆነ ከላይ ስጭው። ሕዝቡ አልሰማ ካለ ከታች ስጭው። ቀይዋ መብራት ብልጭ ካለች በዝቶበታል ማለት ነው፣ ከላይ ቀንሺ።» መሀል ያሉት ሦስቱ ቀጭኑን፣ መካከለኛውንና ወፍራሙን ድምፅ የሚያስተካክሉ ናቸው። «እነዚህን ደግሞ መጨመር አትልመጂ። የሚያስቸግረውን ቀንሺ፤ የቀረው ራሱ ጥርት ይላል።»

አምስት ሆኑ። ስድስተኛዋ ከሦስቱ በታች፣ ከመጨረሻዋ በላይ ነበረች። አያ ቢምረው ከኪሳቸው የቁስል ፕላስተር አወጡ። በየዓምዱ አንድ አንድ ሆና ያለችውን ይህችን ማዞሪያ ስድስቱንም ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አዙረው፣ ፕላስተሩን እየቆረጡ አንድ በአንድ ለጠፉባቸው።

«ይቺስ?» አልኳቸው።

«ኢኮ ናት። የሞኞች ናት።»

«ምንድን ነው የምትሠራው?»

«አንድ ጊዜ የተባለውን ሦስት ጊዜ ታደርገዋለች። ሰው ንግግሩ ሲደጋገምለት የከበረ ይመስለዋል። አትንኪያት።»

«ለማወቅ ያህል ቢያሳዩኝስ?»

«የማትነኪውን ምን ያደርግልሻል?» አሉና ካቻቢቴዋን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ስለ ስድስተኛዋ ማዞሪያ የተማርኩት ይኸው ብቻ ነው። ኩራት ነበረባቸው፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። ኢኮ እምቢ ብለው ስንት ሥራ አጥተዋል፤ ዘማሪው ተቆጥቶ ሌላ ባለሞንታርቦ ሲጠራ «ይሂድና ገደል ውስጥ ይዘምር» ብለው ገመዳቸውን ይጠቀልላሉ።

ስቀው ያየኋቸው አንድ ጊዜ ነው። ማይክ ሲሞከር ሰው ሁሉ «ሃሎ፣ ሃሎ» ብሎ በለሆሳስ ይናገራል፤ ትምህርቱ ሲጋጋል ግን ይጮሃል፤ ያኔ ማሽኑ ይረበሻል። ስለዚህ አያ ቢምረው ማይክ የሚያስሞክሩት ሰውን እያስቆጡ ነበር። አንድ በጣም ለስላሳ መሪጌታ ነበሩን። «የኔታ፣ እስቲ ይቆጡ» አሏቸው።

«ማንን ልቆጣ ልጄ?»

«እኔን።»

የኔታ ትንሽ አሰቡና ማይኩን ጠበቅ አድርገው ያዙ። «ቢምረው! ለመሆኑ ከቆረብህ ስንት ዘመንህ ነው? ሚስትህ ብቻዋን ታስቀድስ፣ አንተ ከሽቦህ ጋር ቅዳሴ ውጭ ቁም! ጆሮ የሰጠህ ማን ሆነና ነው!» ግቢው ሙሉ ቆሞ ሰማ። አያ ቢምረው ጌይኗን ትንሽ ዝቅ አደረጉና «ደህና ነው የኔታ፣ ይበቃል» አሉ። የኔታ ግን ገና መጀመራቸው ነበር። አያ ቢምረው ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ ውስጥ ቆመው አየኋቸው።

አሁን ያን ስም ወዳወጣላቸው ጉባኤ ልምጣ።

ጉባኤው ሦስት ቀን ነበር። አያ ቢምረው ቁይ ሠርግ ይዘው ስለነበር አርብ ጧት ማሽኑን አዘጋጅተውልኝ ሄዱ። አሮጌዎቹን ፕላስተሮች አንሥተው አቧራውን በስፒርት ጠረጉ፤ ከዚያም ስድስቱንም የኢኮ ማዞሪያዎች አዲስ ፕላስተር ለጠፉባቸው። አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። አይቻለሁ የምለውን አንባቢ ይያዝልኝ።

አርብና ቅዳሜ በሰላም አለፉ። እሑድ ከሰዓት ከሌላ አገር የተጋበዘ ሰባኪ መጣ። ደረት ላይ የምትሰካ ትንሽ ማይክ ይዞ ነበርና በሦስተኛው ዓምድ ሰካሁለት፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ሦስተኛውን አልተጠቀምንበትም ነበር። መዝሙር እየተዘመረ ሳለ ወደ ጠረጴዛዬ ጎንበስ አለና፣ «እኅቴ፣ ኢኮ የለውም እንዴ?» አለኝ። አንጠቀምበትም አልኩት። ፕላስተሮቹን አየና ፈገግ አለ። «ማሽኑ ታሟል እንዴ?» ሲል ከኋላዬ የነበሩ ሁለት ዘማርያን ኪኪኪ አሉ።

የአጎትን አዙሬ «ይኸው» ልለው እችል ነበር። አላደረግሁትም። ዓመት ሙሉ ባገለገልኩበት ማሽን ላይ እንደማያውቅ ሰው መሳቂያ መሆኔ አናደደኝ። የሦስተኛውን ፕላስተር በጥፍሬ ላጥኩና ከጠረጴዛው ሥር አሽቀነጠርኩት፤ ማዞሪያዋን እስከ ግማሽ አዞርኳት። ሰባኪው ሲጀምር ድምፁ ድንኳኑን ሞላው። ሕዝቡ እልል አለ። ልዋሽ አልፈልግም፤ ደስ አለኝ። አያ ቢምረውን እንኳ «ይኸው፣ ምን ሆነ?» ልላቸው አስቤ ነበር።

ስብከቱ ሲያልቅ ሕዝቡ ለኅሊና ጸሎት ቆመ። ሰባኪው ወደ ኋላ ፈቀቅ ሲል እንደተማርኩት ታችኛዋን፣ የሕዝቡን ማዞሪያ፣ እስከ ዜሮ ዘጋኋት። የኮሚቴው ሰብሳቢ ቀስ ብሎ መድረኩ ላይ ወጣና፣ ማይኳ ገና ደረቱ ላይ ሳለች፣ ሰባኪው ጆሮ ላይ አጎነበሰ።

ከሞንታርቦው የወጣው ዋናው ድምፅ የሌለበት፣ ጭራው ብቻ ከሩቅ የሚመጣ ነገር ነበር። «የአንጓች ልጅ... ልጅ... ልጅ...» አለ። «ዓባይ በረሃ... በረሃ... መኪናው ተገልብጦ... ሞቷል... ሞቷል... ነገ ጧት መርዶ... መርዶ... እሷ እዚሁ ናት... ናት...»

እጄ ወደ ታችኛዋ ማዞሪያ ሄደ። ዜሮ ላይ ናት። እንደገና ወደ ግራ ጠመዘዝኳት፤ ዜሮ ላይ ናት። ያች ማሽን የኢኮውን ድምፅ የምትወስደው ከታችኛዋ ማዞሪያ በፊት መሆኑን፣ ታችኛዋ ብትዘጋም ኢኮው በራሱ መንገድ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። ከኢኮዋ በቀር ሁሉንም ነካካሁ። በመጨረሻ የኤሌክትሪክ ገመዱን መዥርጬ ነቀልኩት።

እማማ አንጓች ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቆመው ነበር። ይበልጣል የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፤ በደጀን መስመር የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። መርዶ እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ የለም። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ዝም ይላል፤ ዘመድ ከያለበት ይሰበሰባል፤ በማለዳ ሽማግሌዎች ይገባሉ፤ የሚይዟት ሴቶች በግራና በቀኝ ይቆማሉ። የእማማ አንጓች ወንድም ከይጁቤ ገና በመንገድ ላይ ነበር። እሳቸው ግን በዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ የሚይዛቸው ሳይኖር ሰሙት። መጀመሪያ አላለቀሱም። አጠገባቸው ወዳለችው ሴት ዞረው «የማን ልጅ አለ?» ብለው ጠየቁ። ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልጽፈው አልችልም።

አያ ቢምረው ሰኞ ከሰዓት ከቁይ ተመለሱ። ቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ማሽኑን አይተው ነው ወደ ቤቴ የመጡት። ግቡ ስላቸው አልገቡም። በሩ ላይ ቆመው፣ ጆሯቸውን ሰጥተው፣ መሬት እያዩ፣ «ባንቺ፣ ሦስተኛው ፕላስተር አልነበረበትም ወይ?» አሉኝ።

ያወቁ መሰለኝ። ማሽኑን አይተው ሁሉን ነገር ተረድተው፣ እንዳልጠፋ መውጫ ሲሰጡኝ ነው ብዬ አሰብኩ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እንዲያውም ደግነታቸው አስለቀሰኝ።

«አልነበረም» አልኩ።

«ከመጀመሪያው?»

«ከመጀመሪያው።»

እጃቸውን ገልብጠው አዩ። «እንግዲያው እኔ ነኝ» አሉና ሄዱ።

በሰልስቱ ማግስት ሽማግሌዎች ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ጠሩን። የእማማ አንጓች ወንድም ተነሥቶ ቆመ። «እህቴን ያላንድ ሰው በአደባባይ ያረዳት ማነው? ይነገረኝ!» አለ። ሁሉም ወደኔ ዞረ። ልነሣ ነጠላዬን ሰብሰብ አደረግሁ። አያ ቢምረው ቀድመውኝ ተነሡ።

«ልጅቱ ያስተማርኳትን ነው የሠራች። ያችን ማዞሪያ ከፍቼ የሄድኩት እኔ ነኝ። ምን እንደሆነችም አላስተማርኳትም። ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። አያ ቢምረው ሰው ፊት አያዩም፤ ያን ቀን ግን አዩኝ። ዝም በይ የሚሉኝ መሰለኝ። ዝም አልኩ።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ድንጋይ ይሸከሙ አሉ። ስድሳ ያለፋቸው ሰው ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ አድርገው እማማ አንጓች እግር ሥር ተንበረከኩ። እማማ አንጓች ቀና ብለው ሳያዩ «ይቅር ለእግዚአብሔር። አውርዱላቸው» አሉ። ሁለት ሰዎች አወረዱላቸው። እኔ በዚያ ሰዓት የማየው የገዛ ጫማዬን ነበር።

ዕርቁ ወረደ፤ ከተማው ግን አልረሳላቸውም። ሠርግ ያለው ሰው «እሳቸውንማ አልጠራም፣ ደግሞ ምን ያሰሙኝ ይሆን» እያለ ያልፋቸው ጀመር። በዓመቱ ሞንታርቦዎቹን ሸጡና ከባለቤታቸው ከእታለም ብርቄ ጋር ቁይ ገቡ። ገበያው ዳር ሬዲዮና የእጅ ባትሪ እየጠገኑ መኖር ጀመሩ።

ሦስት ጊዜ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። ስኳር ይዤ፣ ለሬዲዮ የሚሆን የባትሪ ድንጋይ ይዤ። በሄድኩ ቁጥር ዛሬ እናገራለሁ እላለሁ፤ እዚያ ስደርስ ግን፣ የሚያውቁትን ነገር ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ ብዬ እተወዋለሁ። ውለታ ውለዋል፤ የዋሉልኝን ውለታ ማንሣት እሳቸውን ማሳፈር ነው እያልኩ ለራሴ እነግረው ነበር። በሁለተኛው ጊዜ «ያች ማሽን አለች?» አሉኝ። አለች አልኳቸው። «ፕላስተሩስ?» «አሁንማ አለበት» አልኩና ፈገግ አልኩ። እሳቸውም ፈገግ አሉ። የሁለታችን ምስጢር ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ወደ ማርቆስ ተመለስኩ። በሦስተኛው ጊዜ የቁይ ቤተ ክርስቲያን ሚክሰር ገዝቶ እንዲሠሩ ለምኗቸው እምቢ ማለታቸውን ሰማሁ። ለምን አልኳቸው። «እጄን አላምነውም፣ ባንቺ» አሉኝ። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

መሞታቸውን በሰማሁበት ሳምንት ቅዳሜ ቁይ ሄጄ ለቅሶ ደረስኩ። ሰው ቀለል ሲል እታለም ብርቄ ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ቤቷ ጠባብ ናት። የሬዲዮው ማዞሪያ ላይ ፕላስተር አለ። የመብራቱ ማብሪያ ላይ አለ። የቡታጋዙ ማዞሪያ ላይ፣ እዚያም አለ፤ በቆሻሻ ጠቁሮ።

«ይሄ ምንድን ነው እታለም?» አልኩ።

«እሱ ነው» አሉ። «እረፍት ነሥቶኝ እኮ ነው የሞተ። ቡታጋዙን ዘግቶ ይወጣል፣ ከመንገድ ተመልሶ ያየዋል። በሩን ቆልፎ ይሄድና መጥቶ ይነካዋል። "ብርቄ፣ ዘግቼዋለሁ ወይ?" ይለኛል። ዘግተኸዋል ስለው አያምነኝም። ለምልክት ፕላስተር ይለጥፋል፤ ከዚያ ደግሞ መለጠፉን ይጠራጠራል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያ ከአንጓች ነገር ጀምሮ ነዋ። "አርብ ዕለት በስፒርት ጠርጌ ስድስቱንም መልሼ ለጥፌያለሁ፤ እጄ ያስታውሰዋል" ይለኛል። ቀኑን ሙሉ እንዲያ ሲል ይውልና ደግሞ፣ "ባንቺ ግን ከመጀመሪያውም አልነበረም ብላኛለች፤ እሷ አትዋሽም" ይላል። "እጄ ከዋሸኝ እንግዲህ ምኑን ላምን ነው?" ይለኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ ይሄንኑ ነው የጠየቀኝ።»

አያውቁም ነበር። ምንም አያውቁም ነበር። በሩ ላይ ቆመው የጠየቁኝ ስለማያውቁ ነው፤ ሽማግሌ ፊት ያዩኝም ዝም በይ ሲሉኝ አልነበረም፤ ፕላስተሩ ነበረ ብዬ እንድመሰክርላቸው ነበር። እኔ ውለታ እያልኩ የተቀመጥኩበት ስድስት ዓመት እሳቸው የገዛ እጃቸውን እየተጠራጠሩ የኖሩበት ነው። መደቡ ላይ ተቀመጥኩ።

«እታለም» አልኩ፣ «እኔ ነኝ ያነሣሁት። እሳቸው ለጥፈውት ነበር። ሲለጥፉ አይቻለሁ።»

እታለም ብርቄ አልጮኹም፤ አልተቆጡም። «በአርባው ለሰው ትናገሪዋለሽ» ብቻ አሉኝና ወደ ለቀስተኛው ወጡ።

በአርባው ቀን የቁይ ሰው፣ ከማርቆስም ብዙ ሰው መጣ። እማማ አንጓች በወንድማቸው ክንድ ተደግፈው መጡ። ከጸሎቱ በኋላ ተነሣሁ። ድምፄ ይሰማ አይሰማ አላውቅም፤ ግን ከዳር ያሉት ቀርበው ቆሙ። «ያን ቀን ኢኮውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አያ ቢምረው ዘግተው፣ ፕላስተር ለጥፈውበት ነበር። ፕላስተሩ ነበረ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ አልነበረም ብዬ ዋሸኋቸው። ድንጋዩን መሸከም የነበረብኝ እኔ ነኝ» አልኩ። ሌላም ልል ያዘጋጀሁት ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝ።

የእማማ አንጓች ወንድም ሁለት እጁን ራሱ ላይ አድርጎ «ምን ዓይነት ሰው ነው ያሸከምነው ጃል!» እያለ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እማማ አንጓች ወደ እሳቸው እንድቀርብ በእጃቸው ጠሩኝ። «ያኔ ይቅር ያልኩት ላደረገው ሰው ነው። አንቺም ከሆንሽ ላንቺ ነው» አሉኝ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ አነሡኝ። አንዱ ሽማግሌ ቆሞ ከዛሬ ጀምሮ ያን ስም የሚጠራ ሰው እንዳይኖር ተናገረ፤ ሕዝቡም «ይሁን» አለ። የመጣሁበት ነገር ተፈጸመ ብዬ ትንፋሼ መለስ አለ።

ወደ መኪና ልሄድ ስል እታለም ብርቄ እስከ አጥሩ በር ሸኙኝ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም ነበር።

«ስንት ጊዜ ነበር የመጣሽው?» አሉኝ።

«ሦስት ጊዜ።»

«ሦስቱንም ጊዜ አጠገቡ ተቀምጠሽ በልተሻል።»

«ያወቁ መስሎኝ ነው እታለም። እናገራለሁ እያልኩም ይቆጡኛል ብዬ ፈራሁ።»

እታለም ብርቄ የአጥሩን በር ይዘው ቆሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንባቸው ወረደ።

«አይቆጣም ነበር እኮ» አሉ። «ደስ ይለው ነበር።»